ካርቦኑን ያሰረችው መምህርት

አየለችን የሚወዳት ሰው ጂንካ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁም። የሚያከብሯት አሉ፣ የሚፈሯት ደግሞ ይበዛሉ። እሷ ፊዚክስ፣ እኔ ባዮሎጂ፣ በአንድ ትምህርት ቤት ብዙ ዘመን አብረን አስተምረናል፤ ቀድማ "እንዴት አደርክ" ያለችኝን ጠዋት ግን አላስታውስም። ተማሪዎች ኮሪደሩ ላይ ጫማዋን ሲሰሙ ወሬያቸውን ይቆርጣሉ። ወላጅ ሊያነጋግራት ሲመጣ ቀድሞ ከዘበኛው ጋር ይማከራል። ስለ ክፋቷ የሚያወራ ሞልቷል። እኔ የማውቀውን ከሥሩ ልናገር።

የተወለደችው ደርግ በወደቀበት ዓመት፣ ከጂንካ በላይ ባለ አንድ የአሪ መንደር ነው። እናቷ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። በአሪ ዘንድ ሸክላ የሚሠሩና ብረት የሚቀጠቅጡ ቤተሰቦች ማና ይባላሉ። በዚያን ጊዜ ገበሬው ድስታቸውን ይገዛል፣ በድስታቸው ያበስላል፣ ቤታቸው ገብቶ ግን አይበላም፤ ልጁንም ለልጃቸው አይድርም። ዛሬ ብዙ ነገር ተለውጧል ይባላል፣ ቤተ ክርስቲያንም ሰው ሁሉ አንድ ነው ብላ ታስተምራለች። አየለች ትምህርት ቤት ስትገባ ግን ያ ትምህርት ገና አግዳሚ ወንበሩ ድረስ አልደረሰም ነበር።

አንደኛ ክፍል ሳለች አንዲት ልጅ ከእሷ ጋር ላለመቀመጥ ደብተሯን ሰብስባ ተነሳች። ሌሎቹም ተከትለው ተነሱ። አየለች የሄዱበትን አግዳሚ ተከትላ ሄደችና ከኋላ አንስታ ገለበጠችው፤ ሁሉም መሬት ላይ ተዘረፈጡ። አስተማሪው ገረፋት። ቤት ስትደርስ እናቷ ነገሩን ሰምተው ኖሮ እሳቸውም ደገሙላት፣ የድስት ደንበኞቼን አጣላሽኝ ብለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የክፍሉ ልጆች አጠገቧ መቀመጥን አልጠሉም፤ መነሳትን ነው የፈሩት። እሷም ልዩነቱ ያኔውኑ ገብቷታል።

ሚልክያስ የዚያው ቀበሌ ልጅ ነው፣ አባቱ ደህና ገበሬ። በአንድ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ አብረው አደጉ፣ ሁለቱም ፊዚክስ ደርሷቸው አንድ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። እዚያ ማንም ስለ ማና የሚያውቅ አልነበረም። ተዋደዱ። ሊጋቡ እንደሆነ ጓደኞቻቸው ሁሉ ያውቁ ነበር። የተመረቁ ጊዜ ሚልክያስ ቀድሞ ቤቱ ደርሶ ነገሩን ለቤተሰቡ አነሳ፣ ከዚያ እሷን ለመቀበል ተመልሶ አርባ ምንጭ መናኸሪያ ወረደ። ሻንጣዋ አውቶቡሱ ላይ ተጭኖ ሰው እስኪሞላ ሲጠብቁ፣

"ቤተሰቦቼ አይሆንም አሉ" አላት።

"አንተስ?"

"እኔ ምን ላድርግ።"

አየለች ረዳቱን ጠርታ ሻንጣዋን ከላይ አስወረደችና ወደ ሌላ መኪና ሄደች። ወደ ጂንካ የሚወጣውን መንገድ በሙሉ ለየብቻ መጡ። ይህን የነገረኝ ራሱ ሚልክያስ ነው፣ ገና ወዳጆች ሳለን።

ትምህርት ሚኒስቴር የሰውን ጠብ አያውቅም። ሁለቱንም እኛው ትምህርት ቤት መደባቸው። ሚልክያስ ሌላ አገባ፣ ልጆች ወለደ። አየለች ከድሮው አውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ አጠገብ አንድ ክፍል ተከራይታ ብቻዋን መኖር ጀመረች። እናቷ ከተማ ገብተው አብረዋት እንዲኖሩ ብትለምናቸው እምቢ አሉ፤ እሷም ሁለተኛ አልለመነችም።

ስታፍ ውስጥ ያለው ጦርነት እንዲህ ነበር። ሚልክያስ ሻይ ሊጠጣ ሲገባ አየለች ትወጣለች። አየለች ስብሰባ ላይ ሐሳብ ስታቀርብ ሚልክያስ ከመጨረሷ በፊት እጁን ያወጣል። እሱ ሰሌዳ ላይ የጻፈውን ቀመር የሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ የእሷ ከሆነ ተማሪ እንኳ ሳይገለብጠው ታጠፋዋለች። የትምህርት ክፍሉ ተጠሪ እሷ ሆና በተመረጠች ጊዜ የኮምፒውተር ክፍሉ ቁልፍ እሷ ጋ ሆነ፤ ሚልክያስም ቁልፉን በጠየቀ ቁጥር ለምን እንደፈለገው በሌሎች ፊት እንዲያስረዳ ታስገድደው ነበር። እሱም በአሪኛ የሆነ ነገር አጉተምትሞ ይሄዳል። ያለውን የሚሰሙት እሷና ሌሎች አሪዎች ብቻ ናቸው። አሪዎቹ አንገታቸውን ይደፋሉ።

በክረምት ፕሮግራም ሁለተኛ ዲግሪ የመማር ዕድል ሲመጣ መጀመሪያ የደረሳት እሷ ነች። አማካሪዋ ዶክተር ሀብተ ማርያም የሚባሉ ደግ፣ ግን ሥራ የበዛባቸው ሰው ነበሩ። ርዕስ የሰጧት እሳቸው ናቸው፦ በከፊል ሃይድሮጅን የተጣበቀበት ግራፊን።

እኔ የባዮሎጂ ሰው ነኝ፣ የገባኝን ያህል ልንገራችሁ። ግራፊን የእርሳስ ከሰል አንድ ንጣፍ ብቻ ነው፤ ከእሱ የሳሳ ነገር የለም። ካርቦኖቹ እንደ ንብ ቀፎ ስድስት ማዕዘን እየሠሩ ይያያዛሉ። እያንዳንዱ ካርቦን ሦስት ጎረቤቶቹን ይይዝና አራተኛው ኤሌክትሮን ሥራ ፈት ሆኖ በንጣፉ ላይ ይዞራል። በዚህም ምክንያት ኤሌክትሪክን እንደ ጉድ ያስተላልፋል። ንጣፉም ዝርግ ነው። ሃይድሮጅን መጥቶ ከአንዱ ካርቦን ጋር ሲያያዝ ያን ሥራ ፈት ኤሌክትሮን ይወስድበታል። በሁሉም ካርቦን ላይ፣ በሁለቱም ፊት ከተጣበቀ ንጣፉ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ይሆናል። ጥያቄው በመሃል ያለው ነው፤ በከፊል ሲጣበቅ ቅርጹ ምን ይሆናል? ጠባዩስ?

ይህ በእጅ የሚሠራ ነገር አይደለም። በነጻ በሚገኝ ፕሮግራም ኮምፒውተር ላይ ይሰላል። ለእናቷ ቅዳሜ ገበያ ላይ ስትነግራቸው ሰማን ብለው ጎረቤቶቿ እንዳወሩት፣ እናቷ የማይታይ ነገር ከመሥራት የሚታይ ቤት ብትሠሪ ይሻላል ብለዋት እዚያው ተኳርፈው ተለያዩ።

ትምህርት ቤታችን ውስጥ ሒሳቡን የሚችል ኮምፒውተር አንድ ነው። ጂንካ ደግሞ መብራት አለ ሲባል ይጠፋል። አንዱ ስሌት ከጠዋት ጀምሮ ሲፈጭ ይውልና ሊያልቅ ሲል ይቋረጣል። አየለች ኮምፒውተሩ ፊት ቆማ ጥቁሩን ስክሪን ስትሳደብ በመስኮት አይቻታለሁ። ፕሮግራሙ ረጅም ጊዜ የሚፈጀው እያንዳንዱን አተም ትንሽ ትንሽ እያንቀሳቀሰ የሚመቸውን ቦታ እስኪያገኝ ስለሚፈልግ ነው። ስለዚህ አንድ ቀን ከመነሻው ፋይል ላይ ካርቦኖቹ ከቦታቸው ንቅንቅ እንዳይሉ አዘዘች። አሰረቻቸው። መንቀሳቀስ የተፈቀደለት ሃይድሮጅኑ ብቻ ሆነ። ስሌቱ መብራት ሳይጠፋ ያልቅ ጀመር።

የወጣው ውጤት ግን ሌሎች ካሳተሙት ጋር የማይገጥም ነው። ሃይድሮጅኑ ካርቦኑን አይዝም፤ ቢያስጠጉትም ተመልሶ ይርቃል። ሌላ ሰው ቢሆን የራሱን ሥራ ይጠረጥር ነበር። አየለች ግን ሰው ሁሉ ተሳስቷል ማለት ከልጅነቷ ጀምሮ የለመደችው ነገር ነው። በከፊል ሃይድሮጅን የተጣበቀበት ግራፊን የሚባል ነገር ጸንቶ አይቆምም፣ የታተመው ሁሉ ማጋነን ነው ብላ ደመደመች። ዶክተር ሀብተ ማርያም ብዙ ተመካሪ ስለነበራቸው ጽሑፉን ገረፍ ገረፍ አድርገው አዩትና ደፋር ነው፣ ዲፌንስ ላይ ግን ይጠይቁሻል ብለው አለፉ። እሷም ይጠይቁኝ አለች።

ጠየቋት። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጣው ፈታኝ ሸበቶ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነበር። ስትጨርስ አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ አለ።

"ካርቦኖቹን ለቅቀሻቸው ነበር ወይስ አስረሻቸው?"

"አሰርኳቸው።"

"ለምን?"

"መብራት ይጠፋል።"

አዳራሹ ሳቀ። ሰውዬው አልሳቀም። ሃይድሮጅን ሲይዘው ካርቦኑ ከዝርጉ ላይ ቀና ማለት አለበት፣ ጎረቤቶቹን የያዘበት ማያያዣም መርዘም አለበት፣ እንዳይነሳ ከቸነከርሽው ሃይድሮጅኑ በምን ይያዘው፣ ያየሽው የተፈጥሮን ጠባይ አይደለም፣ የራስሽን ችንካር ነው አላት። አየለች ተከራከረች። እርስዎ ጂንካ ሠርተው አያውቁም አለችው። መብራት በማይጠፋበት ቢሮ ተቀምጦ ፈታኝ መሆን ቀላል ነው አለችው። ዶክተር ሀብተ ማርያም ዓይናቸውን ወረቀት ላይ ተክለው ቀሩ። እንደገና ሠርተሽ ነይ ተብላ ወጣች። ከእሷ ጋር የተማሩት ፎቶ ሲነሱ እሷ መናኸሪያ ነበረች።

መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ወሬው ቀድሟት ደርሷል። ስታፍ ስትገባ ሻይ የሚጠጣው ሁሉ ብርጭቆው ውስጥ ማየት ጀመረ። ሚልክያስ ብቻ ቀና ብሎ አያት። ለወትሮው እሷ ስትገባ እሱ አይናገርም፤ በዚያ ቀን ግን ተናገረ።

"እኔ አይቼው ነበር" አላት።

"ምኑን?"

"ካርቦኑን ማሰርሽን። ሚያዝያ ላይ ከፍተሽ ትተሽው ክፍል ስትገቢ ፋይሉን አየሁት።"

"አውቀህ ዝም አልክ?"

"ጠይቀሽኝ ነበር?"

አየለች በጥፊ መታችው። ብርጭቆው ከእጁ ወድቆ ሻዩ የርዕሰ መምህሩ ሱሪ ላይ ፈሰሰ። ከውጭ ተማሪዎች በመስኮት ተደራርበው ያዩ ነበር። ሚልክያስ አልመታትም፤ ጉንጩን እየዳበሰ ፈገግ አለ። ያ ፈገግታ ከጥፊው በላይ አስከፍቶኛል፤ ከዚያ ወዲህ እኔና እሱ እንደ ድሮው አልሆንንም።

ጉዳዩ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ቀረበ። ከቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች መጥተው ሁለቱን ለማስታረቅ ሞከሩ። በመጀመሪያ እሷ ይቅርታ እንድትጠይቅ፣ ከዚያ እሱ ይቅር እንዲላት ነበር ዕቅዳቸው። አየለች ቆማ ሰማቻቸውና መለሰች።

"እጄን ስላነሳሁ ቅጡኝ። ይቅርታ ግን ከአፌ አይወጣም። እሱም እኔን ይቅር የሚለኝ ማን ሆኖ ነው?"

አንዱ ሽማግሌ የሚልክያስ አጎት ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ድሮም እንዲህ ናቸው የሚል ነገር በአሪኛ አሉ፤ ይህን በኋላ ተርጉመውልኛል። አየለች ሰማች። እሷም በአሪኛ መለሰችላቸው፤ ምን እንዳለች የተረጎመልኝ የለም፣ ሽማግሌው ግን ባርኔጣቸውን አንስተው ወጡ። ሽምግልናው በዚያው ፈረሰ።

ኮሚቴው ከተጠሪነት አወረዳትና ሚልክያስን ተካ። የኮምፒውተር ክፍሉ ቁልፍ ወደ እሱ ሄደ ማለት ነው። አየለች ያን ቁልፍ አንድ ቀንም አልጠየቀችውም። ከስልክ ጠጋኝ ያረጀ ላፕቶፕ ገዛች፤ ባትሪው የሞተ፣ ከሶኬት ሲነቀል ወዲያው የሚጠፋ። መብራት የማይቋረጥበት ቦታ ፍለጋ ከተማውን ዞራ ወይዘሮ ጥሩነሽ ጋ ደረሰች። ጥሩነሽ ወደ ኮልቾና ወደ አርቦሬ የሚያልፉ ቱሪስቶች የሚያድሩበት ሆቴል አላቸው፤ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ያስነሳሉ። ልጃቸው ትጊ ሒሳብ ትወድቅ ስለነበር ተስማሙ፤ አየለች ትጊን ታስጠናለች፣ ላፕቶፑ እንግዳ መቀበያው ጀርባ ተሰክቶ ይውላል።

እዚያም ሰላም አልነበረም። አንድ አስጎብኚ ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ ሶኬቱን ነቀለው። አየለች ስትመጣ ስክሪኑ ጠፍቷል። ሰውየውን ከፈረንጆቹ ጠረጴዛ አስነስታ በእንግሊዝኛም በአማርኛም ልክ ልኩን ነገረችው። ፈረንጆቹ የባህል ትርዒት መስሏቸው ፎቶ አነሱ። ጥሩነሽ እንግዶቼን አባረርሽብኝ ብለው ሊያስወጧት ፈለጉ፤ ግን ትጊ በዚያው ሰሞን ፈተናዋን አልፋ ስለነበር ዝም አሉ። አየለች በወረቀት ላይ በትልቁ "የነቀለ ይጠየቃል" ብላ ጽፋ ከሶኬቱ በላይ ለጠፈች። ወረቀቱ ላይ ፊርማም ማኅተምም ሳይኖር ሁሉም አከበረው።

በዚህ ጊዜ ካርቦኖቹን ፈትታቸዋለች። ፈታኙን ስለወደደችው አልነበረም። ልክ እንዳልሆነ ለማሳየት ነው የፈታቻቸው፤ ይህን በግልጽ ነግራኛለች።

አንድ ከሰዓት በሆቴሉ በር ሳልፍ በስሜ ጠራችኝ። ጠርታኝ አታውቅም። ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞረችና ተመልከት አለች። ዝርጉ ንጣፍ ሃይድሮጅን በያዘበት ቦታ ቀና ብሏል፤ ያ ካርቦን ከጎረቤቶቹ በላይ ወጥቶ፣ ጎረቤቶቹን የያዘበት ማያያዣ ረዝሞ፣ ገጹ ሁሉ እንደ ተጨማደደ ጨርቅ ሆኗል። ሃይድሮጅኑም ጥብቅ ብሎ ተይዟል። ሰውየው ልክ ነበር። ይህን ስትናገር ድምፅዋ ውስጥ ንዴትም ደስታም ነበረ፣ የትኛው እንደሚበዛ መለየት አልቻልኩም። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃት ማስረዳት ጀመረች።

ሃይድሮጅን በተጨመረ ቁጥር ንጣፉ ኤሌክትሪክ የማሳለፍ ነገሩ ይቀንሳል፣ ጥንካሬውም ይላላል አለች። ግን ስንት ሃይድሮጅን አለ ማለት ብቻ አይበቃም፤ የት የት እንደተቀመጠ ነው ነገሩ። በአንድ ፊት ብቻ፣ አንዱን ካርቦን እየያዘ አንዱን እየዘለለ ከተቀመጠ፣ የተዘለሉት ካርቦኖች ኤሌክትሮን አጣማሪ ያጣል። አጣማሪ ያጡት ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሰለፋሉ፤ ብረት የሌለበት ከሰል ማግኔት ይሆናል። ሃይድሮጅኖቹ ጎን ለጎን በጎረቤታሞች ላይ ከተቀመጡ ግን ብቻውን የቀረ የለም፣ ማግኔቱም የለም። ቁጥራቸው አንድ ሆኖ ነገሩ ሌላ ነው አለች። ስታስረዳ ፊቷ ተፈትቶ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ጥሩነሽ ጄኔሬተሩን ሊያጠፉ ሲመጡ ተመልሳ ቋጠረችው።

በሁለተኛው ዲፌንስ አለፈች። ሸበቶው ፈታኝ እጁን ሲዘረጋላት ጨበጠችው፣ ግን አላመሰገነችውም። የመመረቂያ ጽሑፏ ላይ በምስጋናው ገጽ ሌሎች እግዚአብሔርን፣ ቤተሰብን፣ አማካሪን ያመሰግናሉ። እሷ የአንድ የጂንካ ሆቴል ጄኔሬተርን አመሰገነች። ዶክተር ሀብተ ማርያም እንድታወጣው ቢለምኗትም አላወጣችም።

ከዚያ ተራው የሚልክያስ ሆነ። በዚያው ፕሮግራም፣ በዚያው አማካሪ ሥር ገባ፤ ርዕሱም የእሷ ጎረቤት ነበር፤ በአንድ ፊቱ ብቻ ግማሹ ሃይድሮጅን የያዘ ግራፊንና ማግኔትነቱ። ዶክተር ሀብተ ማርያም፣ አየለች አጠገብህ እያለች ምን ትቸገራለህ፣ ጠይቃት ብለውት ነበር። አልጠየቃትም። በቁልፉ የኮምፒውተር ክፍሉን ዘግቶ ሠራ። ሥራውን ሲጨርስ ከዲፌንሱ በፊት እንዲለማመድ ለእኛ ለመምህራኑ በአዳራሽ አቀረበ። አየለች መጥታ ከኋላ ተቀመጠች። ማንም አልጠበቃትም።

ሚልክያስ ጥሩ ተናጋሪ ነው። ምስሉን ግድግዳው ላይ አሳየ፣ ማግኔት ሆነ አለ፣ አጨበጨብን። አየለች ተነሳች።

"ሃይድሮጅኖቹን ጎን ለጎን ነው ያስቀመጥካቸው። ምስሉ ላይ ይታያል።"

"እና?"

"ማግኔቱን ፕሮግራሙ አገኘው ወይስ የማግኔትነቱን ቁጥር አንተ ጻፍክለት?"

ሚልክያስ መነሻ ቁጥር መስጠት የተለመደ ነው አለ። እሷም መነሻ መስጠትና ያን ቁጥር እንዳይለቅ ማስገደድ ይለያያል፣ ያስገደድከውን ፈትተህ እንደገና አስኪደው፣ ማግኔት አይገኝበትም አለችው። አነጋገሯ ምክር አይመስልም ነበር። ፍርድ ነው የሚመስለው። አዳራሹ ውስጥ የነበርን ሁሉ የጥፊው ቀጣይ መሰለን። ሚልክያስም እንዲያ ነው የተረዳው።

"ስላለፈው ቂም ከሆነ ሌላ ቦታ እንነጋገር" አላት።

"ቂሙ አለ። ስህተቱም አለ" አለችና ወጣች።

አልፈታውም። እንዳለ ይዞት ሄደ፣ ዲፌንስ አደረገ፣ በጣም ጥሩ ተብሎ አለፈ። በዚያ ዓመት ሸበቶው ሰው አልመጣም ነበር፤ የመጡት ስለ ጽሑፉ አቀራረብ ጠይቀው ለቀቁት። አየለች ስትሰማ ዶክተር ሀብተ ማርያም ዘንድ ደወለች። ስታፍ ውስጥ ሆና ስለሆነ የተናገረችውን ሁላችንም ሰማን። የመለሱላትን ራሷ ነው የነገረችን፤ እሱም ተመርቋል፣ አንቺም ተመርቀሻል፣ ያለፈውን ተይው አሏት። ስልኩን ጆሯቸው ላይ ዘጋችባቸው። ከዚያ ወዲህ አልተደዋወሉም።

ሚልክያስ ብዙ ሳይቆይ ሱፐርቫይዘር ሆነና ከትምህርት ቤታችን ለቀቀ። ካኮና ሌሎች ወረዳዎች ያሉ ትምህርት ቤቶችን እየዞረ መምህራን ሲያስተምሩ ከኋላ ተቀምጦ ይመዝናል። ቁልፉን ሲያስረክብ ለአየለች ሊሰጧት ፈለጉ፤ ተጠሪ ካላደረጋችሁኝ የቁልፍ ጠባቂ አልሆንም አለች። ተጠሪ አላደረጓትም። የትምህርት ክፍሉ በአዲስ ልጅ ተያዘ፣ ቁልፉም አሁን እሱ ጋ ነው። እናቷ በዚህ መሃል አረፉ። ለቅሶው ላይ ብዙ ሰው መጣ፣ ሚልክያስም ከዘማሪዎቹ ጋር መጥቶ ነበር። አየለች ከድንኳኑ አላስወጣችውም፤ ግን እሱ ባለበት በኩል ጨርሶ አላየችም።

ባለፈው ዓመት የእኛ ትምህርት ቤት ተራ ደረሰና ሚልክያስ አየለችን ሊመዝን መጣ። ሌላ ሰው መላክ ይችሉ ነበር፤ እሱ ራሱ ነው የመጣው። የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ተቀመጠ። አየለች አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ስለ ኤሌክትሪክ አስተላላፊዎች ታስተምር ነበር፤ አንዲት ልጅ የተሳሳተ መልስ ስትሰጣት እንደ ልማዷ ጮኸችባት። ተማሪዎቹ ሲወጡ ቀጣዩ ክፍለ ጊዜ የእኔ ስለነበር በሩ ላይ ቆሜ እጠብቅ ነበር። ሚልክያስ ከአግዳሚው ሳይነሳ ተናገረ።

"ፈታሁት።"

"ምኑን?"

"ማግኔቱን። ዜሮ ነው የሚመጣው።"

አየለች ሰሌዳውን እያጠፋች ነበር፤ ማጥፋቷን አላቆመችም።

"ይሄን ለኔ ለምን ትነግረኛለህ?"

"ልክ እንደነበርሽ እንድታውቂ።"

"እሱን ድሮም አውቃለሁ። ለማያውቁት ንገራቸው።"

ሚልክያስ ልጆች እንዳሉት፣ ሥራው በዲግሪው ላይ የቆመ መሆኑን፣ ጽሑፉን ከቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ማንም አንስቶ እንደማያነበው ተናገረ። ድምፁ የልመና ነበር። እሷ እስኪጨርስ ጠበቀችው። ከዚያ በእጇ ያለውን ዳስተር ጠረጴዛው ላይ አኑራ፣ መምህሩ ክፍሉን ይፈልገዋል ብላ ወደ እኔ አመለከተች። ሚልክያስ በአጠገቤ አልፎ ወጣ። ሰላምታ አልሰጠኝም፤ እኔም አልሰጠሁትም። እስከማውቀው ድረስ ለማንም አልተናገረም።

በሳምንቱ የምዘናው ውጤት መጣ። ሚልክያስ በሁሉም መስፈርት ሙሉ ነጥብ ሰጥቷታል፤ በተማሪ አያያዝ ሳይቀር። ርዕሰ መምህሩ በደስታ ጠርተው እንድትፈርም ሰጧት፣ ከትምህርት ቤቱ ከፍተኛው ነጥብ ነው ብለው። አየለች አነበበችውና መልሳ ጠረጴዛቸው ላይ አኖረችው። በዚያ ቀን ተማሪ ላይ ጮኬያለሁ፣ ይህ የኔ ውጤት አይደለም፣ አልፈርምም አለች። ርዕሰ መምህሩ ለመኑ፣ ተቆጡ፣ የሚጠቅምሽን ነገር ለምን ትገፊያለሽ አሉ። ሌላ ሰው መጥቶ ይየኝ ከማለት በቀር ሌላ መልስ አላገኙም።

ሌላ ሰው ተላከ፤ ሸዋአለም የምትባል፣ ማንንም የማታውቅ አዲስ ሱፐርቫይዘር። ክፍሉ ውስጥ ተቀምጣ አየች፣ ጥያቄ ጠየቀች፣ መካከለኛ ነጥብ ሰጠቻት። በአስተያየት መስጫው ላይ የትምህርት ይዘቷ በጣም ጥሩ፣ ለተማሪዎች ያላት ጠባይ መስተካከል ያለበት ብላ ጻፈች። አየለች ቆማ አነበበችው። እስክሪብቶ ከርዕሰ መምህሩ ኪስ አውጥታ ፈረመችና ወደ ክፍሏ ሄደች።